ቀይ ጨርቅ የለበሰው ፓምፕ

«...ከዚያ ባፑ ቀና አሉ» አለ ናቸተር ሲንግ፣ ራሱም ቀና እያለ። «ቀና አሉና እጃቸውን ፓምፑ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው በራ። ምን ዓይነት ብርሃን! እኔ አባቴን አቅፌ ይዤ ዓይኔን በክንዴ ጋረድኩ። ‹ልጄ› አሉኝ፣ ‹ብሄድም ከዚህ ውሃ አልሄድም። ከዚህ የጠጣ ሁሉ ከእኔ ጋር ነው።› ይህን ብለው ራሳቸውን ጭኔ ላይ ጣል አደረጉ።»

ከሩቅ አገር በአንድ የጭነት መኪና ታጭቀው የመጡት ሃያ ሁለት ለቀስተኞች፣ ግቢው ውስጥ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጡ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሃያ ሁለት ከንፈር አንድ ላይ ሲመጠጥ ጎተራው ላይ የነበሩት እርግቦች ብር ብለው ተነሡ።

«ወፎቹስ?» አለች ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ ጥርስ የሚባል ነገር ከአፏ የተሰናበተ አሮጊት። «ወፎች መጥተው ነበር ሲባል ሰምቼ ነው እኮ የመጣሁት።»

ናቸተር ክው አለ። ወፎቹን የጨመራቸው ትናንት ነበር፤ ዛሬ ጨርሶ ረስቷቸዋል።

«ወፎቹማ!» አለ። «ሰማዩ ጠቁሮ ነበር እኮ እናቴ! በቀቀን ብቻ ስምንት መቶ።»

አሮጊቷ እፎይ አለች። እሱ ግን ተነሣ። መቀመጥ አልሆነለትም። ባፑ የሚላቸው አባቱ ከሞቱ ሰባተኛ ቀናቸው ነው፤ በእነዚህ ሰባት ቀናት ናቸተር ሻይ ተቀድቶለት እስኪበርድ አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ምንጣፉ ሥር ሙሉ የጉንዳን ሠራዊት የሰፈረ ይመስል ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ በሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ የታሰረችውን ጎሽ እንደገና ያስራል።

ሚስቱ ማልኪት ወጥ ቤቱ በር ላይ ሻይ እየቀዳች ጠበቀችው።

«ስምንት መቶ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ሦስት መቶ ነበሩ።»

«ተዋለዱ።»

«በአንድ ሌሊት?»

«የበቀቀን ነገር አይታወቅም።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ማንቆርቆሪያውን እያስቀመጠች፣ «ባፑ የሞቱ ዕለት ጠዋት ነጭ ሸሚዝህን ተኩሼ የሸኘሁህ እኔ አይደለሁም? ወዴት እንደሄድክ የማላውቅ መሰለህ?»

ናቸተር ትሪውን ተቀብሎ ወጣ።

በመላው ማልዋ ምድር፣ ከበረሃው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ፣ እንደ ናቸተር ሲንግ ያለ ምላስ አልተፈጠረም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ወጣት ሳለ፣ ትንፋሽ ይዘው በሚታገሉበት የካባዲ ጨዋታ ሜዳ፣ ሰባት ሰው በአንድ ትንፋሽ ጥሏል፤ ይህን የሚመሰክር ግን እሱ ብቻ ነው። ጎሿ በቀን ሠላሳ ሊትር ትታለባለች፤ አላቢዋ ሚስቱ ግን ዘጠኝ ነው የምትለው። የአባቱ የፓምፕ ውሃ ደግሞ ከሸንኮራ ጭማቂ ይጣፍጣል፤ ይህን ለሠላሳ ዓመት ሲናገር አንድ ሰው እንኳ «እስቲ ቅመስ» ብሎ ተከራክሮት አያውቅም። መንደሩ ቀልዱን ስለሚወድለት ያዳምጠዋል፣ ያዳምጠውና ይስቃል። ችግሩ፣ በለቅሶ ቤት ሰው አይስቅም። በለቅሶ ቤት ሰው ያምናል።

አባቱ ፓኸር ሲንግ ፓምፕ ተካይ ነበሩ። በእነሱ ምድር ከመሬት የሚወጣው ውሃ ጨው ነው፤ ሻይ ቢያፈሉበት ወተቱ ይቋጠራል። ሽማግሌው ግን ከመንደሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር፣ ከኒም ዛፉ ሥር የሚጠጣ ውሃ አወጡ፤ ላለፉት አርባ አምስት ዓመታት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከዚያ ጠጥቷል። መንደሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከገባ ወዲህ ከመንደሩ ማንም ወደዚያ አይሄድም ነበር። እሳቸው ግን በየማለዳው ይሄዱ ነበር። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑ «ዋሄ»፣ ወደ ላይ ሲያነሡ «ጉሩ» ይላሉ። የአምላካቸውን ስም በፓምፕ የሚጠሩ ሰው ከእሳቸው በቀር አልታየም። የመጀመሪያውን ጣሳ ራሳቸው አይጠጡም፤ በመንገዱ ላይ ለመጣው ይሰጣሉ፣ ውሻም ቢሆን።

አሁን ያ ፓምፕ ቀይ ጨርቅ ለብሷል።

ጨርቁን ያለበሱት የባፑ ታናሽ እህት አክስት ባንት ካውር ናቸው። በሦስተኛው ቀን የተቃጠለው የባፑ አስከሬን አመድ፣ ድሮ እንዳዘዙት፣ በመስኖው ቦይ ውስጥ ከተበተነ በኋላ፣ አክስት ሄደው ወርቃማ ዘርፍ ያለውን የሰርግ ነጠላቸውን ከፓምፑ ራስ እስከ ወገቡ ጠመጠሙበት። በአራተኛው ቀን የዘይት መብራት ተቀመጠ። በአምስተኛው ሴቶች እጀታው ላይ ቀይ ክር ማሰር ጀመሩ። በስድስተኛው አንድ ሰው ወተት አፈሰሰ። ዛሬ ደግሞ ናቸተር ትሪውን ይዞ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ግንበኛው ቢከር ሲንግ አንድ ተጎታች ሙሉ ጡብ በትራክተር ጭኖ መጣ። የቢከር ትራክተር ሲነሣ አምስት መንደር ይደነብራል።

«ይህ ምንድነው?» አለ ናቸተር እየጮኸ።

«ዝም ብለህ ተመልከት!» አለ ቢከር ከላይ። «የቅዱሱ መጽሐፍ ንባብ በሚያልቅበት ቀን እንግዳው ሳይበተን እጨርሳለሁ። ከታች መድረክ፣ ከላይ ጉልላት፣ ዙሪያውን ነጭ ሸክላ። ለአባትህ የሚገባቸው ነው!»

«ባፑ ይህን አይወዱም ነበር።»

«አይወዱም?» ቢከር ሞተሩን አጠፋ። «‹ከዚህ ውሃ አልሄድም› ያሉት ማን ሆነና? አንተው ነህ የነገርከን!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ናቸተር ትሪውን ለቢከር ሰጥቶት ሄደ። ሰባት ብርጭቆ ሻይ ለአንድ ሰው።

አክስት ባንት ካውር ከፓምፑ ፊት ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት እያስነኩ አገኛቸው። ወተት ካራሰው ጭቃ ቆንጥረው ጉልበታቸው ላይ ቀቡ።

«አክስቴ፣ ይነሡ እባክዎ።»

«ተወኝ። ጉልበቴ ተሻለኝ። ሦስት ሐኪም ያቃተውን ወንድሜ በጭቃ ፈወሰልኝ።» ቀና ብለው አዩትና ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «አንተ ታድለሃል። አጠገቡ ነበርክ። እኔ ወንድሜ ሲሞት ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። አሁን ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ናቸተር ጀርባውን ሰጣቸው። ከጨርቁ በታች ምን እንዳለ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ልጅ ሳለ፣ በስምንት ዓመቱ፣ ትኩሳት ይዞት ነበር። የያዘው ትኩሳት ደግሞ እንጀራ ይጋግራል የሚባል ዓይነት ነው። እናቱ ከመንደሩ ጫፍ ወዳለው የአንድ ጥንታዊ ቅዱስ ሰው መቃብር ወሰደችውና ቀይ ክር የእጁ አንጓ ላይ አሰረችለት። ማታ ባፑ ልብሳቸው ጨው በጨው ሆኖ ከቁፋሮ መጡ። እናቱ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ታንኳኳ ጀመር።

«ይህን ማን አሰረልህ?»

«የመቃብሩ ሰውዬ።»

«እሳቸው መሬት ውስጥ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ደግ ሰው ነበሩ ይባላል» አሉ ባፑ፣ አጠገቡ እየተቀመጡ። «ግን እሳቸውም ሲጠማቸው የለመኑት ያንኑ አንዱን አምላክ ነው። ደጁ ክፍት ነው፤ በማን ግቢ ዞረን ነው የምንሄደው?» ክሩን ቀስ ብለው ፈቱት። ሊጥሉት ነው ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ግን «ጥሩ ክር ነው፣ አይጣልም» ብለው ወደ ፓምፑ ይዘውት ሄዱ፤ የፓምፑን ሆድ ከፈቱና ውሃውን የሚስበውን የቆዳ ቀለበት ጠበቅ አድርገው ጠመጠሙበት። «አየህ? አሁን ሥራ አገኘ።»

ትኩሳቱም ለቀቀው። በክሩ ይሁን በእናቱ የዝንጅብል ውሃ፣ ባፑ አልተከራከሩም።

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። አንድ መንገደኛ ጠጥቶ ሲጨርስ እግራቸውን ሊነካ ጎንበስ ካለ፣ ወደ ኋላ ይፈናጠሩ ነበር። አንድ ጊዜማ ሲሸሹ የጎሾች መዋኛ ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ። ከጭቃው ውስጥ አንገታቸውን ብቻ አውጥተው «ቧንቧ ተሸካሚ ነኝ! ውሃውን የሰጠውን አመስግን!» ብለው ሲጮኹ መንገደኛው እብድ ናቸው ብሎ ሮጠ።

በስምንተኛው ቀን ቢከር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረድፎች ደረደረ። የመጽሐፉ አንባቢ ጊያኒ ቦሃር ሲንግ ገና ከንባብ ክፍሉ ወጥተው ዓይናቸውን ሲያሹ ናቸተር በሩ ላይ ሲንጎራደድ አገኙት። አሥር ቀን ሙሉ ቅዱሱን መጽሐፍ ቀስ እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

«ና ተቀመጥ» አሉት።

«ልቁም ጊያኒጂ።»

«እንግዲያው ቁም። እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ‹አምላክ አንድ ነው› የሚለውን እያነበብኩ፣ ደጅ ላይ ሁለተኛው እየተገነባ ነው። ሰምተሃል?»

«ይከልክሏቸው።»

«ሞከርኩ። ‹ራሳቸው ሟቹ ብለዋል› ይሉኛል። እነዚህ ሰዎች እምነታቸውን አያውቁም ብለህ ነው? ያውቃሉ። ዛሬም ጠዋት ሁሉም ከመጽሐፉ ፊት ሰግደው ነው የወጡት። ግን አዝነዋል፤ ያዘነ ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። እኛ መቃብር የለንም። አመዱንም ውሃ ወሰደው። አንተ ደግሞ የሚጨበጥ ሰጠሃቸው።» መነጽራቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ወለወሉ። «አባትህን ሃምሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ‹ከዚህ የጠጣ ከእኔ ጋር ነው› የሚል ቃል ከአፋቸው ይወጣል?»

ናቸተር ጫማውን አየ።

«እኔ አልጠይቅህም» አሉ ሽማግሌው። «ንባቡ ባለቀ ቀን ጥምጣሙ ሲታሰርልህ ትናገራለህ። ከዚያ ቀን ካለፈ ግን ጡቡም ይደርቃል፣ ነገሩም ይደርቃል። የልጅ ልጆችህ ለብረት ይሰግዳሉ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዘጠነኛው ቀን ከሌላ መንደር አንዲት ሙሽራ ልጅ እንድትወልድ ለፓምፑ ስለት ልትሳል መጣች። አማቷ ከናቸተር እግር ሥር ዝቅ ብላ «አንተም የእሳቸው ደም ነህ፣ እጅህን ራሷ ላይ ጫንላት» አለችው። ናቸተር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አባቱ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ጉድጓድ ግን አልነበረም፤ የወደቀው በገለባው ክምር ላይ ነው። እጁ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሊረሳው የፈለገው መፍቻ ነበር።

በሞቱበት ዕለት ጠዋት ባፑ ይህን መፍቻ ይዘው ነበር በሩ ላይ የጠበቁት።

«መሳብ አቅቶታል» አሉት። «ቆዳው አልቋል። አብረን እንክፈተው፤ ዘንጉ ለአንድ ሰው ይከብዳል።»

«ነገ ባፑ! ዛሬ የካባዲ ግጥሚያ ነው፤ አጫዋቾቹ ያለእኔ አይጀምሩም።» እንዲያ ብሎ የሚጠብቀው አንድም ሰው ወደሌለበት ሜዳ ሄደ።

«እሺ፣ ነገም የእሱ ነው» አሉ ባፑ።

ቀኑን ሙሉ ለማያውቃቸው ወጣቶች ሰባት ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደጣለ ሲያወራ ዋለ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሲመለስ ባፑ ከኒሙ ሥር በጎናቸው ተኝተው ነበር። የፓምፑ ራስ ተፈትቶ መሬት ላይ ወርዷል፤ ዘንጉ እስከ እኩሌታው ወጥቶ ቆሟል፤ መፍቻው በእጃቸው ነው። እጃቸው ቀዝቅዟል። አንድ ቁራ ከእጀታው ላይ ተነሥታ በረረች።

የሰው ድምፅ ሲሰማ መፍቻውን ከእጃቸው አውጥቶ ገለባው ውስጥ ወሸቀ፤ የፓምፑንም ራስ ሳያስረው እንዲሁ ቦታው ላይ ደፋው። ሰዎቹ ደርሰው «ብቻቸውን ነበሩ?» ሲሉ «አይ፣ አጠገባቸው ነበርኩ» አለ። ያችው ናት። አንዲት ቃል። ብርሃኑም፣ ኑዛዜውም፣ ስምንት መቶ በቀቀንም ከእሷ ማኅፀን የወጡ ናቸው።

በአሥረኛው ቀን ንባቡ አለቀ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሕዝብ መሬቱ እስኪጎብጥ ነው የሞላው። ያቺ ጥርስ የሌላት አሮጊት ተመልሳ መጥታ የፊተኛውን ቦታ ይዛለች። የናቸተር አጎቶች ነጩን ጥምጣም ዙር በዙር አሰሩለት፤ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ራስ እሱ ነው። ጊያኒው ዝም ብለው አዩት። ማልኪት ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችው። ተነሣ፤ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። በሕይወቱ ሙሉ ሲመኘው የኖረው ብዛት ያለው ሕዝብ ይኸው ፊቱ ተቀምጧል።

«ወፍ አልነበረም» አለ።

«አንድም?» አለች አሮጊቷ።

«አንድ ቁራ ነበረች እናቴ። እሷም እኔን ስታይ ሄደች። ብርሃንም አልነበረም። ባፑ ለእኔ ምንም አልነገሩኝም፤ ምክንያቱም እኔም አልነበርኩም። ‹ና አግዘኝ› አሉኝ፤ ‹ነገ› አልኳቸው። ካባዲ ሜዳ ሄጄ ስዋሽ ዋልኩ። ብቻቸውን ሞቱ።»

ከኋላ አንድ ሰው «እፍረት ነው! ያን ጥምጣም ያውርድ!» አለ። ታላቁ አጎቱ ፊታቸውን አዞሩ። ቢከር ግን ከመካከል ተነሣ፤ የጡብ አቧራ አሁንም ቅንድቡ ላይ ነው።

«ታዲያ ውሃውስ? በዚህ የጨው ምድር የሚጠጣ ውሃ ያወጡት በምንድነው?»

«በመቆፈር! አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። አሥሩ ጨው ወጣ። አሥራ አንደኛውን ቦዩ አጠገብ ስለቆፈሩት የቦዩ ውሃ እየሰረገ ይደርሰዋል። አሥሩን ተናግሬ አላውቅም፤ የአባቴ ስም ያንስብኛል ብዬ ነው። እሳቸው ግን አሥሩንም ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳዩ ነበር።»

«ጉልበቴስ?» አሉ አክስት ባንት ካውር፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ጉልበቴ ተሽሎኛል እኮ!»

«አክስቴ፣ ጉልበትዎ የተሻለው አሥር ቀን ስላረፈ ነው። ቤትዎ መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። አክስት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «እንግዲያው የት ልፈልገው?» አሉ፤ ማንንም አልጠየቁም። ናቸተር አፉን ከፈተ፤ ለሰባት ድርሰት የሚበቃ መልስ ምላሱ ላይ ተሰለፈ። አንዱንም አላወጣም። ድምፅ ማጉያውን አስቀመጠ።

ጊያኒው «ለጸሎት እንነሣ» አሉ። ሕዝቡ በሙሉ፣ የተቆጣውም ያለቀሰውም፣ እጁን አጣጥፎ ከመጽሐፉ ፊት ቆመ። ናቸተርም ቆመ። በአሥር ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሮቹ ወዲያና ወዲህ አላሉም።

የተባረከው ጣፋጭ ሃላዋ ታድሎ፣ ማዕዱ ተበልቶ፣ ገሚሱ ሳይሰናበተው ሄደ። ናቸተር ከገለባው መፍቻውን አውጥቶ ወደ ኒሙ ወረደ። ቀይ ጨርቁን ፈታ፣ አጠፈ፣ ሊያዩት ተከትለውት ለመጡት ለአክስቱ በሁለት እጁ ሰጣቸው። የፓምፑን ራስ አነሣ። ዘንጉ እንደቆመ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሲሰግዱለት የነበረው ፓምፕ አንዲት ጠብታ ውሃ አልነበረውም፤ ጠጥቶ የሞከረም አልነበረም።

ዘንጉን ብቻውን ሊስብ ታገለ። ከበደው። አጠገቡ አንድ ጥላ ወደቀ፤ ቢከር ነበር፤ እያጉረመረመ ዘንጉን ጨበጠ።

«ጡቡን ምን ላድርገው?»

«መሬት ላይ ንጠፈው። ውሃ የሚቀዳ ሰው ጭቃ እንዳይረግጥ።»

«አሁን ብትዋሽ ነበር የምገልህ» አለ ቢከር። «ሳብ!»

ያለቀውን ቆዳ አውጥቶ ባፑ ቆርጠው ያዘጋጁትን አዲሱን አገባ፤ ላላ። እጀታውን አየ። ሴቶቹ ካሰሩት ክር አንዱን ፈታና ጠበቅ አድርጎ ጠመጠመበት። የፓምፑን ራስ መልሶ ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ መጫን ጀመረ፤ ወደ ታች «ዋሄ»፣ ወደ ላይ «ጉሩ»፤ በአፉ ውስጥ ብቻ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ። ፓምፑ ሳል ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ቀይ ዝገት ተፋ። ውሃው መጣ።

አሮጊቷ፣ መኪናው እየጮኸ ሲጠብቃት፣ ብርጭቆዋን ይዛ ቀረበች። የመጀመሪያውን ቀዳላት። ቀመሰች፣ ድድዋን አንቀሳቀሰች።

«ትንሽ ጨው አለው» አለች።

ናቸተር እጀታውን እንደያዘ ቆመ።

«አዎ እናቴ» አለ። «ትንሽ አለው።»

እጀታውንም ዝቅ አደረገ፣ ለሚቀጥለው ሰው።